2.5.0 የሰው ሲስተም ሰበረ፤ አሁን ምን ይደረግ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለሌሎች ፕሮግራመሮች የሚሆን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ ኮድ፣ እንሠራለን። ያንኑ ሥራ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኤፒአይም አለን። ቨርዥናችን 2.4.1 ነበር። የአንዳንድ ፋንክሽኖችን ስም አስተካክለን፣ ከኤፒአይው መልስ ውስጥም የማያስፈልግ የመሰለንን አንድ ፊልድ (የመረጃ ክፍል) አስወግደን 2.5.0 ብለን ለቀቅን። በማግስቱ የስንቱ ሰው ሲስተም ቆመ። አሁን ግማሾቻችን አስተካክለን በዚያው በ2.5.0 እንደገና እንልቀቀው እንላለን። ሌሎቻችን 3.0 እንበለው እንላለን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ለአምስት መስመር ለውጥ 3.0 ማለት ያሳፍራል፣ እንደ ኡቡንቱ በዓመትና በወር እንቁጠር ባይ ነው። የቱ ነው ትክክል? ለወደፊቱስ ሰው ሳናስቀይም እንዴት ነው ለውጥ የምናመጣው?»

ከማይደረገው ልጀምር። 2.5.0ን አስተካክላችሁ በዚያው ቁጥር እንዳትለቁት። አንዴ የወጣ ቨርዥን አይነካም። ትናንት ያወረደ ሰውና ነገ የሚያወርድ ሰው የተለያየ ኮድ ይዘው ሁለቱም «2.5.0 ነው ያለኝ» ይሏችኋል፤ አንዱ ጋ ይሠራል፣ ሌላው ጋ አይሠራም፣ እናንተም ስለየትኛው እያወራችሁ እንደሆነ ሳታውቁ ይነጋባችኋል። በዚያ ላይ ሎክ ፋይሎች (አንድ ፕሮጀክት የሚጠቀምባቸውን ቨርዥኖች የሚመዘግቡ ፋይሎች) የወረደውን ፓኬጅ ሀሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ መለያውን፣ መዝግበው ይይዛሉ። ይዘቱ ሲቀየር ሀሹ አይገጥምም፣ ጭነቱም እዚያው ይቆማል። ኤንፒኤም ወይም ፓይፒአይ (የጃቫስክሪፕትና የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻዎች) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ክርክሩ ከንቱ ነው። የተጠቀማችሁበትን ቁጥር ብታጠፉት እንኳ በዚያው ቁጥር ሌላ ነገር አይቀበሏችሁም።

«እሺ፣ እናጥፋው» የሚል ሰው መሃላችሁ እንደሚኖር እገምታለሁ። እሱም አይሆንም። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሌፍት-ፓድ የሚባል አስራ አንድ መስመር ያህል ኮድ ያለው ፓኬጅ ከኤንፒኤም ላይ ሲወገድ፣ ሪአክትንና ባቤልን የመሳሰሉ ታዋቂ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎችን ጨምሮ የስንቱ ፕሮጀክት ግንባታ ተሰበረ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ፓኬጁን መለሰው፤ ቆይቶም ማጥፋትን የሚገድብ ደንብ አወጣ። የእናንተንም 2.5.0 ወስዶ ኮዱን በአዲሶቹ ስሞች ያስተካከለ ሰው ይኖራል። ብታጠፉት ሁለተኛ ትሰብሩታላችሁ። ፓይፒአይና ካርጎ (የረስት ቋንቋ ፓኬጅ መጫኛ) «ያንክ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ቁጥሩን ለይቶ የያዘ ሰው ማውረዱን ይቀጥላል፣ ለአዲስ ሰው ግን አይመረጥም። ኤንፒኤም ላይ ደግሞ ሲጫን ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ለእናንተ የሚበቃው ይሄ ነው።

ዛሬ የምታወጡት 2.6.0 ነው። በውስጡ የድሮዎቹ ስሞች ይመለሳሉ፣ አዲሶቹም ይቆያሉ። የድሮው ፋንክሽን በውስጡ አዲሱን ይጠራል፣ በቃ። 2.5.1 ያላልኩት ለምንድን ነው? ከ2.5.0 አንጻር ስታዩት ፋንክሽን እየጨመራችሁ ስለሆነ ነው፤ መጨመር ደግሞ የመሃሉን ቁጥር ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሴማንቲክ ቨርዥኒንግ (የሦስቱን ቁጥሮች ትርጉም የሚደነግገው ሥርዓት) ሰነድም እንዲህ ላለ ስህተት የሚያዘው ይህንኑ ነው፦ የወጣውን አትንኩ፣ የድሮውን ኮድ የሚመልስ አዲስ የመሃል ቁጥር አውጡ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ ጥያቄው ውስጥ ሁለት ሦስት የተሳሳቱ ነገሮች አሉና። በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የመጀመሪያው ቁጥር የሚጨምረው የድሮ ኮድ የሚሰብር ለውጥ ሲኖር ነው። ሁለተኛው ሳይሰብር አዲስ ነገር ሲጨመር፣ ሦስተኛው ሳይሰብር ባግ ሲስተካከል። ስንት መስመር እንደጻፋችሁ፣ ስንት ሌሊት እንዳደራችሁ አይገባበትም። አንድ ቃል መቀየር 3.0.0 ሊያስብል ይችላል፣ የስድስት ወር ሥራም 2.7.0 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚያሳፍረው ሰው ሰብሮ 2.5 ማለቱ ነው።

የሚያደናግረው ደግሞ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ሁሉ በዚህ ሕግ አለመመራታቸው ነው። ሊነክስ (የኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል፣ ማለትም እምብርት) በ2011 ከ2.6.39 ወደ 3.0 የዘለለው አንዳች ነገር ስለተሰበረ አልነበረም። ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ቁጥሩ በጣም ረዘመ ብሎ ነው። እንዲያውም በከርነሉ ሰፈር የተጠቃሚን ፕሮግራም መስበር እንደ ትልቅ ጥፋት ነው የሚታየው። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስ ደግሞ እስከ 9.6 ድረስ ዋና ቨርዥኑን በሁለት ቁጥር ነበር የሚጽፈው፤ ከ9.5 ወደ 9.6 ትንሽ እርምጃ ቢመስልም ዋና ለውጥ ነበር። ይህ ሰውን ስላምታታ በ2017 ቀጥታ 10 ብለው በአንድ ቁጥር መቁጠር ጀመሩ። ስለዚህ የሌላ ፕሮጀክት ቁጥር አይታችሁ አትቅዱ። የራሳችሁ ምን ማለት እንደሆነ ጻፉና በዚያ ጽኑ።

በነገራችን ላይ ከ2.9 ቀጥሎ 3.0 የግድ አይመጣም። 2.10 ነው፣ ከዚያ 2.11። ነጥቡ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ነው የሚቆጠረው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን 3.10 ሲወጣ ያሜል በሚባል የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያለ ጥቅስ ምልክት 3.10 ብለው የጻፉ ሰዎች ማሽኑ 3.1 ብሎ አነበበባቸው። «2.9 ላይ ደርሰናል፣ ቦታ አለቀብን» ብሎ 3.0 የሚያወጣ ቡድን አይቻለሁ፤ እንዳትሞክሩት።

የጓደኛችሁ የቀን አቆጣጠር ሐሳብ መጥፎ አይደለም፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ኡቡንቱ 24.04 ማለት በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የታሰበው ዓይነት መደበኛ ጥገናው አምስት ዓመት ስለሆነ፣ ቁጥሩን ያየ ሰው መቼ እንደሚያበቃ ወዲያው ያሰላል። ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥሩ ነው። የላይብረሪን ቁጥር ግን በዋናነት የሚያነበው ማሽን ነው፤ እናንተም የተጎዳችሁት በዚሁ ነው። ተጠቃሚዎቻችሁ በጥገኝነት ፋይላቸው (የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) ላይ ^2.4.1 ብለው ጽፈዋል። ትርጉሙ «ከ2.4.1 ጀምሮ ከ3.0.0 በታች ያለውን ሁሉ ሳትጠይቀኝ ውሰድ» ነው። እናንተ 2.5.0 ስትሉ ለዚያ ማሽን «አይሰብርም፣ ውሰደው» ብላችሁ ነገራችሁት። 3.0.0 ብትሉ ኖሮ ማንም ሳይነካው ይቆም ነበር። ለሰው ያፈራችሁበት ቁጥር ማሽኑን የሚያቆመው ቁጥር ነበር።

ወደ ቀን ከቀየራችሁ ይህ ምልክት ይጠፋል። ምንም ባይሰበርም ጥር በገባ ቁጥር የመጀመሪያው ቁጥር ይዘላል፤ በዓመቱ መሃል የሚሰብር ነገር ቢወጣ ደግሞ ምልክት የለውም። መመለሱም ቀላል አይደለም። አንዴ 25 ብላችሁ ካወጣችሁ በኋላ 3.0 ብትሉ ማሽኑ የድሮ ቨርዥን ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የቁጥሩን ወሰንም ልንገራችሁ። ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ሰው የሚሰጠው ቃል ነው፣ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። የሃይረም ሕግ የሚባል ነገር አለ። ተጠቃሚ ከበዛ፣ በሰነድ ቃል የገባችሁት ምንም ይሁን ምን፣ ከኮዳችሁ የሚታይ ባህርይ ሁሉ አንድ የሚመካበት ሰው አያጣም ይላል። የስህተት መልዕክታችሁን ጽሑፍ ቃል በቃል የሚፈትሽ ኮድ አለ። የምትመልሱት ዝርዝር ባጋጣሚ በፊደል ተራ ስለመጣ ያንን ተራ የተማመነ አለ። ባጋችሁን እንደ ባህርይ ቆጥሮ ዙሪያውን ኮድ የገነባም አለ። ይህን ሁሉ እንደ ሰባሪ ለውጥ ከቆጠራችሁ በዓመት ሰላሳ ዋና ቨርዥን ልታወጡ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ራሱ ትርጉም ያጣል፣ ሰውም ማሻሻል ያቆማል።

መስመሩ የት ነው ታዲያ? ስም መቀየር፣ ፋንክሽን ማስወገድ፣ የግድ የሚሞላ አዲስ ፓራሜትር (ለፋንክሽኑ የሚሰጥ ዋጋ) መጨመር፣ ቁጥር የነበረውን ጽሑፍ ማድረግ፣ የሚጣለውን የስህተት ዓይነት መለወጥ፣ በፊት ትቀበሉት የነበረውን ግብዓት አሁን አንቀበልም ማለት፤ እነዚህ ሰባሪ ናቸው፣ ክርክር የላቸውም። ከሁሉ የሚያመልጠው ዲፎልት (ተጠቃሚው ካልመረጠ የሚወሰደው ዋጋ) ነው። ስሙ አልተነካ፣ ፓራሜትሩ አልተነካ፣ ዲፎልቱ ብቻ ከ«አዎ» ወደ «አይ» ዞረ። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ይሮጣል፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ስም ብትቀይሩ ቢያንስ ጮኾ ይሰበራል። ዲፎልት የቀየራችሁበት ሰው ከሳምንታት በኋላ ዳታው ተበላሽቶ ነው የሚያውቀው። እኔ ብሆን ዲፎልት ከመቀየር ሌላ ስም ያለው አዲስ ፋንክሽን እጨምራለሁ።

የባግ ማስተካከያ ላይ ፍርድ ያስፈልጋል። ሰነዳችሁ አንድ ነገር ብሎ ኮዱ ሌላ ካደረገ ማስተካከሉ ባግ ማስተካከል ነው፣ ሦስተኛውን ቁጥር ጨምሩ። ባጉ ሦስት ዓመት ከቆየና ሁሉም ከለመደው ግን በወረቀት ባግ ቢሆንም በተግባር ባህርይ ሆኗል። ያኔ እንደ ሰባሪ ለውጥ ያዙት። የደህንነት ቀዳዳ ከሆነ ብቻ ሌላ ነው፤ ሰብራችሁም ቢሆን ዛሬውኑ ዝጉት፣ በለውጥ ማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይም ተናገሩ።

ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ወደ ለውጥ አመጣጡ ልግባ። ሥርዓቱ ሦስት እርምጃ አለው። አዲሱን ከድሮው ጎን ትጨምራላችሁ፣ ሰው እስኪዛወር ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ድሮውን ታስወግዳላችሁ። ሦስቱን በአንድ ሪሊዝ መሥራት ነው ጥፋቱ። እናንተ ያደረጋችሁትም እሱን ነው።

መሃለኛው እርምጃ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ፓይተን አሳይቶናል። ፓይተን 3.0 በ2008 መጨረሻ ላይ ወጣ። ጽሑፍና ባይትን (ጥሬ ዳታን) መለየቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፣ ማንም አይከራከርም። ግን መጀመሪያ ላይ በፓይተን 2ም በ3ም የሚሮጥ አንድ ኮድ መጻፍ ከባድ ነበር። የላይብረሪ ባለቤት «የምመካባቸው ላይብረሪዎች ይዛወሩና እዛወራለሁ» ይላል፣ እነሱም እንዲሁ ይላሉ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይቶ ቁጭ። ፓይተን 2ን በ2015 ለማቆም የነበረው ዕቅድ በአምስት ዓመት ተራዘመ፣ ድጋፉ ያበቃው በጥር 1፣ 2020 ነው። አስራ አንድ ዓመት! ነገሩ መፈታት የጀመረው ድልድይ ሲሠራ ነው። ሲክስ የተባለው ትንሽ ላይብረሪ አንድ ኮድ በሁለቱም እንዲሮጥ አስቻለ። በ2012 በወጣው 3.3 ላይ ደግሞ የፓይተን ሰዎች ራሳቸው ያስወገዱትን የዩኒኮድ ጽሑፍ አጻጻፍ መልሰው አስገቡ። ለቋንቋው የሚጨምረው አንዳች ነገር አልነበረም። ሰው የድሮውን ኮድ ሳያፈርስ እንዲሻገር ብቻ ነው። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ይህች መመለስ ናት።

እናንተ ጋ ድልድዩ ቀላል ነው፤ 2.6.0 ራሱ ድልድይ ነው፣ ሁለቱም ስም አለውና። የድሮው ስም ሲጠራ ማስጠንቀቂያ ያውጣ። ማስጠንቀቂያው ሦስት ነገር ይናገር፦ የትኛው ፋንክሽን እንደሚወገድ፣ በምን እንደሚተካ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደሚጠፋ። «ይህ ፋንክሽን አርጅቷል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል ማስጠንቀቂያ ሰው ከማናደድ በቀር አይረባም። ጥንቃቄ፦ የፓይተን መደበኛ የመወገድ ማስጠንቀቂያ በዲፎልት አብዛኛውን ጊዜ ለተጠቃሚ አይታይም፤ ፓይቴስት በሚባለው መፈተሻ መሣሪያ ውስጥ ይታያል፣ ቴስት የማይጽፍ ሰው ግን አያየውም። ስለዚህ በማስጠንቀቂያው ብቻ «ነግረናል» አትበሉ፣ በለውጥ ማስታወሻውም በሰነዱም ላይ ይግባ። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጣም አድርጉት፣ በየጥሪው እየወጣ የሰውን ሎግ (የፕሮግራሙን መዝገብ) ከሞላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ማፈን ነው።

ኤፒአይው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከላይብረሪው ጋር አንድ ላይ ማየታችሁም ስህተት ነው። ላይብረሪ ላይ ተጠቃሚው መቼ እንደሚያሻሽል ራሱ ይመርጣል፣ ባይፈልግ 2.4.1 ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ሰርቨር ላይ ግን እናንተ በቀየራችሁበት ደቂቃ ሁሉም አብሮ ተቀይሯል፣ የጠየቀውም የለም። የቁጥር ጨዋታ እዚህ አያድናችሁም። ሞባይል አፕ ካለበት ይብሳል። የአፑ ባለቤት በአንድ ቀን ቢያስተካክል እንኳ ስልካቸውን የማያዘምኑ ሰዎች የድሮውን አፕ ይዘው ለወራት ይቆያሉ፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት።

ስለዚህ ያወጣችሁትን ፊልድ ዛሬ መልሱት። አሁኑኑ፣ 2.6.0ን ሳትጠብቁ። ከዚህ በኋላ ኤፒአይው ላይ ሕጉ መጨመር ብቻ ይሁን። አዲስ ፊልድ መጨመር ይቻላል፤ ሰነዱ ላይ «የማታውቁት ፊልድ ከመጣ ዝለሉት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም አዲስ ፊልድ ሲያይ የሚሰበር ጥብቅ ኮድ የሚጽፍ አይጠፋም። የማይቀር ሰባሪ ለውጥ ሲመጣ በአድራሻው ውስጥ ቪ2 (ሁለተኛ ቨርዥን) ብላችሁ ከቪ1 ጎን አቁሙት። የክፍያ ኩባንያው ስትራይፕ እያንዳንዱን አካውንት መጀመሪያ በጠራበት ቀን ቨርዥን ላይ ያስረዋል፣ መልሱንም ወደ ድሮው ቅርጽ እየለወጠ ይልክለታል። በጣም የሚያምር አሠራር ነው፣ ግን እያንዳንዱን የድሮ ቅርጽ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ለአራትና አምስት ሰው ቡድን አልመክረውም። በአድራሻው የሚለየው ይበቃችኋል።

ቪ1ን ለመዝጋት ስታስቡ ከስሜት ሳይሆን ከሎግ ተነሱ። በየተጠቃሚው የኤፒአይ ቁልፍ ማን አሁንም እንደሚጠራው ቁጠሩ፣ ለቀሩት በስማቸው ጻፉላቸው። መልሱ ላይ የመዝጊያውን ቀን የሚናገር «ሰንሴት» የሚባል የኤችቲቲፒ ሄደር (ከመልሱ ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) አለ፣ በ2019 አርኤፍሲ 8594 በተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ የወጣ፣ እሱንም ጨምሩ። ኢሜይል የማያነብ ሰው ሁሌም ስላለ፣ ከመዝጊያው ቀን በፊት አስቀድሞ በተነገረ ሰዓት ለአጭር ጊዜ ዘግቶ መክፈት ጥሩ መላ ነው። የኮድ ማከማቻው ጊትሀብ በ2021 በጊት በኩል በፓስወርድ መግባትን ሲያስቀር እንዲሁ አድርጓል። ለጥቂት ሰዓት ሲቆምበት ያላነበበውን ኢሜይል ሄዶ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው።

ስለ 3.0.0 ያለኝ ምክር ጠንከር ያለ ነው። 3.0.0 ውስጥ ምንም አዲስ ነገር አታስገቡ። በ2.x (በ2 በሚጀምሩት ቨርዥኖች) ዘመን ማስጠንቀቂያ የተሰጠባቸውን ማስወገድ ብቻ ይሁን ሥራው። የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኩ ኢምበር በ2015 ወደ 2.0 የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በእናንተም በመጨረሻው 2.x ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሮጥ ኮድ 3.0.0 ላይ እንዲሁ መሮጥ አለበት። ይህን ከጠበቃችሁ ተጠቃሚው ማስጠንቀቂያዎቹን በራሱ ጊዜ አንድ በአንድ ያጠፋል፣ ከዚያ መሻገሩ የአንድ ቁጥር ለውጥ ይሆናል። «ዋና ቨርዥን ነው፣ እግረ መንገዳችንን ይህንንም እንቀይር» የሚል ፈተና ይመጣል። እንቢ በሉ። አዲሱን ነገር ማስታወቂያ ላይ ማድመቅ የሚፈልግ ሰው ካላችሁ 3.1.0 ላይ ያድምቀው።

ሌላም የምትጠነቀቁበት ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም ሁለት ላይብረሪ ሲጠቀም፣ አንደኛው የእናንተን 2 ሌላኛው 3 ሊፈልግ ይችላል። ኤንፒኤም ሁለቱን አብሮ ይጭናል፣ የጎ ቋንቋ ደግሞ ከሁለተኛው ዋና ቨርዥን ጀምሮ ቁጥሩን ላይብረሪው በሚጠራበት (በኢምፖርት) አድራሻ ውስጥ ስለሚያስጽፍ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ፓይተን ላይ ግን በአንድ አካባቢ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው የሚጫነው፣ ስለዚህ ያ ሰው ተቆልፎበት ይቀራል። ፓይተን ላይ ከሆናችሁ በሁለት ዋና ቨርዥኖች መካከል ያለውን ጊዜ አርዝሙት።

ሁለቱን ለዘላለም መጠበቅ እንደማትችሉ አውቃለሁ፣ ማንም አይችልም። የእያንዳንዱ የድሮ ቨርዥን ቴስት፣ ጥገና፣ የሰው ጥያቄ፣ ሁሉም ጊዜ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። 2.6.0 ዛሬ ይውጣ፣ 2.5.0 ላይም ምልክት ይደረግበት። 3.0.0 ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ። ከመውጣቱ አንድ ወር በፊት 3.0.0-rc.1 (ለሙከራ የሚቀርብ የመጨረሻ ዕጩ) አውጥታችሁ በብዛት የሚጠቀሙባችሁን ሰዎች እንዲሞክሩት ለምኑ፤ ይህ ዓይነቱ ቅድመ ሪሊዝ በተለመደው አሠራር ካልጠየቁት በቀር ለማንም አይጫንም። ከስሞቹ ለውጥ ጋር የድሮውንና የአዲሱን ኮድ ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ገጽ ጻፉ። 3.0.0 ከወጣ በኋላ 2.x ለአንድ ዓመት የደህንነት ጥገና ብቻ ያግኝ፣ አዲስ ፊቸር አይግባበት። የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ «በቅርቡ» ሳትሉ ቀን፣ ወርና ዓመት አድርጋችሁ በ3.0.0 ማስታወቂያ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አስቀምጡት።